የልጆች የክላሲካል ሙዚቃ መድረክ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። የሚደውሉት እናቶች፣ አባቶች፣ አንዳንዴም አያቶች ናቸው፤ የሚጠይቁኝም ከዓመት ዓመት ያው ነው። ክራርና ቫዮሊን የማስተምር ሰው ነኝ። ከጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ሆነን የደሴንና የኮምቦልቻን ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ማውጣት ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ክራር የደረደረ ልጅ ዛሬ የራሱን ተማሪዎች ይዞ ይመጣል። በስልክ የምመልሰውን ሁሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ውድድር ነው ወይስ ትርኢት?

ሁለቱም አይደለም። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም፤ ዋንጫም የለም። ልጁ ያዘጋጀውን ያቀርባል። ሙያውን የሚያውቅ መምህር ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጠዋል፣ ያስተዋለውን በወረቀት ይጽፍለታል፣ ከዚያ እዚያው መድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ አብሮት ይሠራል። «ይቺን ሐረግ ትንሽ አዝግማት፤ እስቲ አሁን ድገምልኝ» ይለዋል። ልጁ ይደግማታል፤ ልዩነቱን አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል።

ለእኔ መድረኩ ማለት ይህች ደቂቃ ናት። ልጅ ቤቱ ሲለማመድ እናቱ ወጥ እያማሰለች፣ ወንድሙ ስልክ እየነካካ ነው። ሰርግ ላይ ቢጫወትም ሰዉ የሚፈልገው እስክስታውን ነው። ሥራዬ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ፣ እያንዳንዷን ድምፅ የሚከታተልለት ሰው ያገኘ ልጅ በማግስቱ ልምምዱ ይለወጣል። አይቼዋለሁ።

ይህን ሰው ዳኛ አንለውም፤ «አድማጭ መምህር» ነው የምንለው። ደረጃ እንድንሰጥ ብዙ ወላጅ ወትውቶናል፤ አንድ ዓመት ሰጥተንም ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ከእጇ ንጽሕና የተነሣ እስካሁን የማስታውሳት ናት። ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልመጣችም፤ መሣሪያውንም አስቀምጣዋለች ብለው ነገሩኝ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ደረጃ መስጠቱን በዚያው አቆምን።

ሐሳቡ የፈረንጅ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቅርጹ አዎ። በዌልስ ባለቅኔዎችና በገና ደርዳሪዎች በካርዲጋን ቤተ መንግሥት ተሰብስበው የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1176 ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት፣ የሰፈር ልጆችና የመንደር መዘምራን ባለሙያ ፊት ቆመው ምክር የሚቀበሉበት ዝግጅት ግን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ተጀመረ፤ በ1882 ለንደን ስትራትፎርድ ላይ፣ በ1885 ደግሞ ሜሪ ዌክፊልድ የተባለች ዘፋኝ በዌስትሞርላንድ ገጠር። በ1908 ካናዳ ኤድመንተን ገባ፤ ከዚያ በየከተማው ተባዛ።

ሆኖም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በጉባኤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ያርመዋል። የወሎ ሰው ሰምና ወርቅ የተማረው በዚህ መንገድ ነው። እኛ ያደረግነው ቅኔውን በክራርና በቫዮሊን መተካት ብቻ ነው።

«ክላሲካል» ስትሉ የውጭ ሙዚቃ ብቻ ነው?

አይደለም፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ክላሲካል የምንለው ሥርዓት ያለውን፣ ከመምህር ወደ ተማሪ በትምህርት የሚተላለፈውን፣ ተቀምጦ ለማዳመጥ የሚሠራውን ሙዚቃ ነው። በዚህ ሚዛን የአውሮፓው የፒያኖና የቫዮሊን ሥራ ይገባል። የእኛ ቅኝትም ይገባል፤ ያውም ከፊት። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማን በሥርዓት ለከፈለበት አገር «ክላሲካል የላችሁም» ማለት አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ የቦታ ጉዳይ አለ። አራቱን ዋና ቅኝቶች እንቁጠራቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ለኔ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ያለችው፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቀው ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ሐይቅን አልፈው ወደ ውጫሌ ሲሄዱ የሚያዩት አገር ነው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ሁሉ የእኛን ቀዬ ስም እየጠራ ነው የሚማረው። የደሴ ልጅ የአምባሰልን ቅኝት ለይቶ ሳያውቅ ስለ ሜጀርና ማይነር ቢያወራ እኔ ቅር ይለኛል። ስለዚህ አንድ ሕግ አለን፦ ማንኛውም ልጅ፣ ፒያኖም ይጫወት ጊታር፣ ሁለት ሥራ ያቀርባል፤ አንዱ በቅኝት መሆን አለበት።

ሁለቱ ዓለማት አይጣሉም። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ የእረኛውን ዋሽንት መንፈስ ለፍሉትና ለባለ አውታር መሣሪያዎች አድርገው ጽፈውታል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ከዚያ በ21 ዓመታቸው የመነኮሱት እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ መስከረም 21 ሕዝቡ በሚጎርፍባት በግሸን ማርያም ነው። ኢየሩሳሌም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የፒያኖ ሥራዎቻቸው ዓለምን አዳርሰው ነበር። የግራ እጃቸው አውሮፓን የቀኝ እጃቸው ያሬድን የሚያስብ ይመስለኛል። ልጆቹን ሳስተምር ይህን ታሪክ ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ግሸን ደጃችን ናት።

ልጄ «ትዝታ ነው የተጫወትኩት» ሲል መምህሩ «አምባሰል ሆነብህ» ብለው ጻፉ። ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ይህን የጠየቁኝ አንድ አባት በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ነው።

ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ከዶ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት ድምፁ በግማሽ ዝቅ ሲል ነው)። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ ለጀማሪ ጆሮ ከሁሉ የምታስቸግረው እሷ ናት።

አሁን ትዝታ ማይነርን ይመልከቱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ሳይነኩ ከሶል ጀምረው ይቁጠሯቸው፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ቁርጥ የአምባሰል ሆነ! ማለትም ክራሩ አንድ ዓይነት ተቃኝቶ ሳለ፣ ዜማው ዶ ላይ ካረፈ ትዝታ፣ ሶል ላይ ካረፈ አምባሰል ይሆናል። ልጅዎ ክሮቹን አልሳተም፤ የሳተው ማረፊያውን ነው። ሐረጎቹን ሁሉ ሶል ላይ ሲያሳርፍ ሳያውቀው አገር ቀየረ።

መድኃኒቱ ጣት ማፍጠን አይደለም። ከመጫወቱ በፊት ማረፊያውን ድምፅ በጉሮሮው ያውጣት፣ ያንጎራጉራት፣ ከዚያ ክራሩን ያንሣ። የወሎዋን ማሪቱ ለገሰን ስትዘፍን አስደምጡት፤ ዜማው የቱንም ያህል ቢዞር ወዴት እንደሚመለስ በጆሮው ይከተላት። አንድ ነገር ልጨምር፦ በጆሮ የተቃኘ ክራር ከኪቦርድ ጋር አንድ ለአንድ ላይገጥም ይችላል። የእኛ ዘፋኝ የምታወርዳት ላ ፍላት በኪቦርዱ ጥቁር ቁልፍ ላይ ላትገኝ ትችላለች። ልጁ «ተበላሸ» ብሎ እንዳይደናገጥ።

ልጄ ስንት ዓመት ሲሆነው ይምጣ?

ከ7 እስከ 18። ከዚያ በታች ያሉትን ለማዳመጥ ይዘዋቸው ይምጡ።

ለቫዮሊን ጀማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ የ8 ዓመት ልጅ የአዋቂ ቫዮሊን አይያዝ። ቫዮሊን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየተባለ በመጠን ይሠራል። «ሲያድግ ይደርስበታል» ተብሎ ትልቁ የተገዛለት ልጅ ትከሻውን አጣምሞ ይለማመዳል፤ ያን ማቃናት ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ክራር ላይ ይህ ችግር ቀላል ነው፤ ቀንበሩ ለእጁ ቅርብ የሆነ አነስ ያለ ክራር ፈልጉለት።

17 ዓመቴ ነው። ክራር እንጂ ሌላ ነክቼ አላውቅም፤ ፒያኖ መማር እፈልጋለሁ። ረፍዶብኛል?

አልረፈደብህም ወንድሜ። ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው፤ ፒያኖ ፊት የተቀመጠው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ሄዶ ተማረ፤ ዛሬ የአገራችን ስመ ጥር የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች ነው። ያንተ ክራር ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ጆሮህን ሠርቶልሃል። ጣት በልምምድ ይመጣል፤ ጆሮ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ ጊዜውን ከፍለሃል። በዚህ ዓመት በክራርህ ና፤ ከዝግጅቱ በኋላ ስለ ፒያኖው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ቤታችን ፒያኖ የለም። ኪቦርድ ይበቃል?

እኛም ጋ የለም። በደሴ ፒያኖ ያለው ቤት ማግኘት ቀላል አይደለምና በኪቦርድ ነው የምንሠራው። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ኪቦርድ 61 ነው። ለጀማሪ ሥራዎች 61 ይበቃል። የሚያስጨንቀኝ የቁልፉ ቁጥር ሳይሆን ሌላ ነው፦ ቀስ ሲነኩት የሚለሰልስ፣ ሲጫኑት የሚበረታ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ቢነኩትም ቢደበድቡትም አንድ ዓይነት የሚጮህ ኪቦርድ የልጁን እጅ ያደነዝዘዋል።

መብራት ቢጠፋስ የሚሉ አሉ፤ ይጠፋል። ያን ጊዜ የክራር፣ የማሲንቆና የዋሽንት ልጆች ቅደም ተከተሉን ትተው ይወጣሉ። ከዝግጅቶቻችን ሁሉ በጣም ያማረው በሻማ ብርሃን የተካሄደው ነው።

ኖታ ማንበብ ግድ ነው?

ለውጭው ሥራ አዎ። ለቅኝቱ ግድ አይደለም።

ከደሴ ተነሥተን ኮምቦልቻ ስንደርስ ክራሩ ቅኝቱን ለቅቆ አገኘነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተለወጠው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ጃኬትዎን ያወልቃሉ፤ ክራሩም ያው ነው። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ በጦሳ ተራራ ጉም እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ይደርቅና ይወጠራል። ቆዳው ሲነሣና ሲወርድ ክሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ የክሮቹ ውጥረት ይለዋወጣል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ የፈረስ ጭራዋ ራሷ እርጥበት ትስባለች።

ስለዚህ ዝግጅቱ ኮምቦልቻ በሚሆንበት ዓመት የደሴ ልጆች አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። መሣሪያው ከማኅደሩ ወጥቶ ይረፍ፣ ከዚያ ይቃኝ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ይታይ። መኪና ጣሪያ ላይ አትጫኑት። ዝግጅቱ ደሴ ሲሆን ደግሞ የኮምቦልቻ ልጆች ችግራቸው ጣት ነው፤ የጥር ጠዋት ብርዳችንን አይችሉትም። ጓንት ይያዙ፤ መድረኩ አጠገብ ሙቅ ውሃ እናስቀምጣለን፣ እጃቸውን ነክረው ይወጣሉ።

ልጆቹ ሥራ በሚፈቱበት በክረምት ለምን አታደርጉትም?

የቆርቆሮ ጣሪያ። ሐምሌ ላይ ደሴ ዝናብ ሲጥል አጠገብዎ ያለ ሰው የሚያወራው አይሰማም፤ አንድ ክር ያላት ማሲንቆ እንዴት ትሰማ? ሞክረነዋል። አንዲት ልጅ ዋሽንት እየነፋች ዝናቡ መጣ፤ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ እናያለን፣ ድምፅ የለም። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ነፋች።

ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ያለችውን እረፍት መረጥን። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድን ትተን በአዘቦት ቀን እናደርጋለን። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ቀኑን የምንቆርጠው ያንን አይተን ነው፤ ጾመኛ ልጅ ዋሽንት እንዲነፋ አንጠይቅም።

መንዙማ ወይም መዝሙር ማቅረብ ይቻላል?

በክብር እንቀበላለን፤ ነገር ግን የአድማጭ መምህር ወረቀት አይጻፍበትም። መንዙማ ነቢዩ የሚወደሱበት ነው፤ በገናም የጸሎት መሣሪያ ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ነው ያደግነው፤ የአንዱን አምልኮ ሌላው ቁጭ ብሎ «እዚህ ጋ ድምፅህ ወረደ» ሊለው አይገባም። ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ከፈቀዱ በመክፈቻው ላይ ይቀርባል፤ አዳራሹ ያለ ጭብጨባ ያዳምጣል። ድምፁ እንዲታረም የሚፈልግ ልጅ በቅኝት ዘፈን ይምጣና እናሠልጥነው።

መድረክ ላይ ቢረሳውስ? ቢያለቅስስ?

ይረሳል። ያለቅሳልም። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ መድረክ ላይ መሐሉ ጠፋብኝ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው እጁን አውለብልቦ «በቃ፣ ቀጣይ» አለ። ያ እጅ እስካሁን ይታየኛል። እኛ ጋ ማንም ልጅ አይቋረጥም። የረሳ ልጅ ከሚያስታውሰው ቦታ ይነሣል፤ ጨርሶ ካልመጣለት አድማጭ መምህሩ አጠገቡ ሄዶ ይቀመጥና የመጀመሪያዋን ሐረግ አብረው ይላሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ ባቲ እየገረፈች ሳለ ክር ተበጠሰባት። ቀና ብላ አላየችንም። ጎንበስ ብላ የቀሩትን ክሮች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች፣ አንዱን በመቃኛው ሳብ አደረገችው፣ የጎደለችውን ድምፅ በጉሮሮዋ እየሞላች ቀጠለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። መምህሩ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «የምጨምረው የለኝም»።

ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከመድረክ ሲወርድ ስህተቱን አትንገሩት። ያውቀዋል። ውሃ ስጡት፤ ወረቀቱን በማግስቱ አብራችሁ አንብቡት።

ዝግጅቱ ተቋርጦ ያውቃል?

ሁለት ጊዜ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ልጆቹን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማሰባሰብ አልደፈርንም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘለቀ። ከተማው ሲረጋጋና ስንመለስ ከመሣሪያዎቻችን አብዛኞቹ አልነበሩም፤ የተረፈው አንድ ክራርም ቆዳው ተቀድዷል። የጠገነው አሁንም ከእኛ ጋር ነው፤ ክራሩም በየዓመቱ መሣሪያ ለሌለው ልጅ ይሰጣል። አንዳንድ ልጆች ስደት ላይ ሳሉ በሳጥን ላይ ጣታቸውን እየመቱ ሲለማመዱ እንደነበር ነገሩኝ። በዚያ ዓመት መድረክ የለም ብለን ነበር፤ እነሱ ግን ሥራቸውን ተዘጋጅተው መጡ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ያለ ወንበር፣ ቆመን አዳመጥናቸው።

ክፍያ አለው? መሣሪያ ከሌለንስ?

ክፍያ የለውም። መሣሪያ በተራ እናውሳለን፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ሊደርስ ሲል ሳይሆን መስከረም ላይ ንገሩን፣ ልጁ የሚለማመድበት ጊዜ እንዲያገኝ።

ልጅ የለኝም፤ ሙዚቃም አልተማርኩም። መጥቼ ማዳመጥ እችላለሁ?

ይምጡ፣ እባክዎ ይምጡ። ልጆቹ ወላጆቻቸው ያልሆኑ ሰዎች ተቀምጠው ሲያዩ ጀርባቸው ይቀናል። በሩ የሚከፈተው በሥራ መካከል ሳይሆን አንዱ ልጅ ወርዶ ሌላው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ዘግይተው ከደረሱ ደጅ ላይ ጥቂት ይታገሡ። ስልክዎን ያጥፉ፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው የልጁ ቤተሰብ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ የሚወጡት ትንንሾቹ ናቸውና ወንበር ቶሎ ይሞላል። ቡናው ውጭ ነው፤ ስኒ ሲንኳኳ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል፣ ጠጥተው ይግቡ።